«ትለምጂዋለሽ» ከማለታችሁ በፊት መነጽሩን ለኩልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። 39 ዓመቴ ነው፣ መነጽር ማድረግ የጀመርኩት ደግሞ በ16 ዓመቴ ነው። ይህን የማስቀድመው ባለፈው ክረምት ያሠራሁት መነጽር አላሳይ ሲለኝ ደጋግሞ የተሰጠኝ መልስ «አዲስ ስለሆነብሽ ነው፣ ትለምጂዋለሽ» የሚል ስለነበር ነው። አዲስ መነጽር መልመድ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ይህ እሱ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው መነጽሬ ሌንሱ ተጭሮ ተጭሮ ማታ አምፖል ሲበራ ጭጋግ የለበሰ ይመስል ጀመር። ነሐሴ ላይ የተማሪዎች ዩኒፎርም ስለሚበዛ ከዚያ በፊት ልዘጋጅ ብዬ ሐምሌ ላይ ተመረመርኩ። ማዘዣዬን ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ። 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምርጫው ይሰፋል፣ ዋጋውም ይሻላል ተብዬ ነው የሄድኩት። የመነጽር ቤቱን ስም አልጠቅስም፣ ሰው ላሳጣ አይደለም የምጽፈው። ፍሬም መረጥኩ፣ ቀብድ ከፈልኩ፣ በሳምንቱ ተመልሼ ወሰድኩ። መስታወት ሰጡኝ፣ «አምሮብሻል» አሉኝ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ በሁለቱም ዓይኔ አንድ ላይ አነበብኩና ቀሪውን ከፍዬ ወጣሁ። ስህተቱን የሸፈነው ያ በሁለት ዓይን ማንበቤ ነበር። ግራ ዓይኔ ደህና ስለሆነ የቀኙንም ሥራ እሱ ሠራው።

አውቶቡስ ውስጥ ገና ሸኖ ሳንደርስ ራሴን ያዞረኝ ጀመር። መንገዱ ነው ብዬ አወለቅሁት። በማግስቱ ግን ሥራ ላይ ተቀመጥኩ። በጠመኔ ያሰመርኩት ቀጥ ያለ መስመር ጋደል ብሎ ይታየኛል፣ መቀሱን ሳስገባ ጨርቁ የሚሸሽ ይመስለኛል፣ ቀትር ሲሆን ከቅንድቤ በላይ ወጥሮ ይይዘኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሱሪ አበላሸሁ። የሰው ጨርቅ ነውና ከኪሴ ገዝቼ ተካሁ።

ስልክ ደወልኩ። «ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳታወልቂ አድርጊው» አለችኝ ልጅቷ፣ በትህትና ነው የመለሰችልኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ ደረሰኙን ገልበጥ ባደርገው ጀርባው ላይ «ቅሬታ በ7 ቀን ውስጥ ካልቀረበ ተቀባይነት የለውም፣ የተሠራ ሌንስ አይመለስም» ይላል። እንግዲህ አስቡት። በቃል ሁለት ሳምንት ጠብቂ እባላለሁ፣ በጽሑፍ ደግሞ ሰባት ቀን ተሰጥቶኛል። የነገሩኝን አምኜ ብጠብቅ መብቴ ያልፋል ማለት ነው። በአገራችን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ፤ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ልክ ሳይሆን የተሠራ ሌንስ ጉድለት ካልሆነ ምን ጉድለት ሊባል እንደሚችል አላውቅም።

ያወቅሁት በራሴ ነው። አንድ ቀን ደክሞኝ ግራ ዓይኔን በመዳፌ ጨፍኜ በቀኙ ብቻ በሩን ባየው ከነጭራሹ ብዥ አለ። መነጽሩን አውልቄ በዚያው ዓይን ሳየው ይሻላል! ደነገጥኩ። ከዚያ የድሮውንም የአዲሱንም መነጽር በየተራ ክንዴን ዘርግቼ ከፊቴ አራቅሁና በቀኙ ሌንስ በኩል የበሩን መቃን አየሁ። በድሮው ሌንስ መቃኑ እምብዛም አልተዛነፈም። በአዲሱ ግን በግልጽ ጋደለ። መሣሪያ አያስፈልገውም፣ ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ሊያደርገው ይችላል።

በማግስቱ እዚሁ ከተማችን የዓይን ሕክምና ወዳለበት ሄድኩና መነጽሩን ብቻ ለኩልኝ አልኩ። የሌንስ መለኪያ ማሽን አላቸው። ባለሙያው ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ማዘዣዬ ላይ የቀኝ ዓይኔ አክሲስ 170 ይላል፣ ሌንሱ የተሠራው በ110 ነው። በእጅ የተጻፈውን 7 አንድ ሰው 1 ብሎ አንብቦታል። በቃ፣ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነበር።

አክሲስ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ በእኛ ሥራ ላስረዳ። ጨርቅ ቁመትና ወርድ አለው። ጥሩ ጨርቅ ሆኖ፣ ልኩም ትክክል ሆኖ፣ በአግድም ከተቆረጠ ልብሱ ሰው ላይ ይጣመማል። አስቲግማቲዝም ያለበት ዓይንም እንደዚሁ ነው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚታረም ጉድለት አለው። ማዘዣው ላይ ሲሊንደር የሚለው ቁጥር የእርማቱ መጠን ነው፣ አክሲስ የሚለው ደግሞ አቅጣጫው፣ ከ1 እስከ 180 ዲግሪ። ባለሙያው እንዳስረዳኝ አቅጣጫው በ10 ዲግሪ ከሳተ ከጉድለቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሳይታረም ይቀራል። በ30 ዲግሪ ከሳተ ጥቅሙ በሙሉ ይጠፋል። ከዚያ ካለፈ መነጽሩ ዓይንን ጭራሽ ያብሳል። የእኔ የሳተው በ60 ነው። ሁለት ሳምንት አይደለም ሁለት ዓመት ባደርገው የሚለመድ ነገር አልነበረም።

የሚለመድም ነገር አለ፣ አልክድም። ቁጥር ሲጨምር፣ ፍሬሙ ሲሰፋ፣ መጀመሪያ ሰሞን ወለሉ ጎድጎድ ያለ ይመስላል፣ ደረጃ ላይ እግር ይሳሳታል። ያ ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀን፣ ሲረዝም በሁለት ሳምንት ገደማ። አንድ ዓይን ለብቻው ብዥ ካለ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ መለካት አለበት።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸው ደግሞ ፕሮግረሲቭ የሚባለውን አሠርተው አራት ወር ሙሉ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። ከላይ ሩቁን፣ ከመሃል መካከለኛውን፣ ከታች ቅርቡን የሚያሳይ ሌንስ ነው፣ ዳርና ዳሩ ብዥ ማለቱ ባሕርይው ነው። እሳቸው ግን ለማንበብ አገጫቸውን ወደ ላይ ቀና ማድረግ ነበረባቸው፣ አንገታቸው አልቻለም። የእኔን ታሪክ ሲሰሙ ይዘውት ሄዱ። ሌንሱ ምንም አልሆነም! ፍሬሙ አፍንጫቸው ላይ ወደ ታች ተንሸራትቶ የማንበቢያው ክፍል ዝቅ ብሎባቸው ነው። ባለሙያው የአፍንጫውን ማረፊያ ጠበብ፣ የጆሮውን መያዣ ጎንበስ አደረገላቸው። አምስት ደቂቃ ነው የወሰደው። አሁን ጋዜጣችሁን የሚያነቡት በእሱ ነው፣ ይህንንም ደብዳቤ ታትሞ ካዩ እንደሚደሰቱ አውቃለሁ። ኮብልስቶኑ ላይ ሲሄዱ ግን አገጫቸውን ወደ ታች አድርገው በላይኛው ክፍል እንዲያዩ ነግረዋቸዋል፣ ምክንያቱም በታችኛው ካዩ መሬቱ ይደበዝዝና ሊወድቁ ይችላሉ። ይህን የሸጠላቸው ሰው በመጀመሪያው ቀን ቢነግራቸው ኖሮ አራት ወር አይባክንም ነበር።

ሌላው ፒዲ የሚሉት ነው፣ በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት። በሚሊሜትር ነው የሚለካው። አብዛኛው አዋቂ ከ54 እስከ 74 ሚሊሜትር መካከል ይሆናል። የሌንሱ መሃል ከብሌኑ ፊት ካልዋለ ዓይን ምስሉን ለመገጣጠም ሲታገል ይውላል፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ደግሞ የጥቂት ሚሊሜትር ስህተት እንኳ ይከብዳል። እኔ በ23 ዓመት ውስጥ ፒዲዬ ስንት እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ማዘዣዬ ላይም አልተጻፈም። ከሱቁ ሰዎች አንዱ ግንባሬ ላይ ማስመሪያ ሲያስጠጋ ትዝ ይለኛል፣ ቁጥሩን የት እንደጻፈው ግን አላየሁም።

የልጆቹማ ይብሳል። የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በኮምፒውተር ምርመራ ብቻ ቁጥር ወጥቶለት መነጽር ተሠራለት፣ ልጁ ግን ራሴን አመመኝ እያለ አላደርግም አለ። እኛም እንቢተኝነት መስሎን ተቆጣነው፣ አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። በኋላ ጠብታ ተደርጎለት እንደገና ሲታይ ቁጥሩ ከተሰጠው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የልጅ ዓይን በራሱ ጉልበት አጥብቆ ስለሚያተኩር ማሽኑን ያሳስታል፣ ለዚህ ነው ዓይኑን የሚያዝናና ጠብታ የሚደረገው። ማሽኑ መነሻ ቁጥር ይሰጣል እንጂ የመጨረሻውን አይሰጥም። አዋቂም ቢሆን «ይኼ ይሻላል ወይስ ያኛው?» እየተባለ በሌንስ መጠየቅ አለበት። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ስኳራችሁ ከፍና ዝቅ በሚልበት ሰሞን መነጽር አታሠሩ፣ ቁጥሩ አብሮ ይዋዥቃል።

ወደ እኔ ጉዳይ ልመለስ። የተለካውን ውጤት ይዤ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ማለት ነው። መጀመሪያ «እንዲህ ሊሆን አይችልም» አሉ። መነጽሩን ማሽናችሁ ላይ አድርጉትና እኔም ልይ አልኩ። አደረጉት፣ 110 ወጣ። ስህተታቸውን አምነው ይቅርታ ጠየቁኝ፣ ሌንሱንም ያለ ክፍያ ቀየሩልኝ፣ ለዚህ አመሰግናለሁ። ግን ማሽኑ እኮ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር! መጀመሪያ ስረከብ ከማዘዣዬ ጋር ቢያስተያዩት ኖሮ አምስት ሳምንት አልጉላላም፣ የ40 ልጆች ዩኒፎርም ትእዛዝ ለሌላ ሰው አላስተላልፍም፣ የትራንስፖርቱም ገንዘብ ኪሴ ውስጥ ይቀር ነበር። እኔስ ቅርብ ነኝ፣ አስፋልት ላይ ነኝ። ከመሐል ሜዳ የሚመጣው፣ ከዓለም ከተማ ጀማን ተሻግሮ የሚሄደው ሰው መነጽሩ ሲበላሽበት ሦስቴ ይመላለሳል? አይመላለስም። ዕጣዬ ነው ብሎ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

እኔ ሱሪ ሰፍቼ ደንበኛው ወገቡ ጠበበኝ ብሎ ቢመለስ መጀመሪያ የማደርገው ሜትሬን አውጥቼ መለካት ነው። ልኬን ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ፣ እሱም ያየዋል፣ ከዚያ ማን እንደተሳሳተ እንነጋገራለን። ሳልለካ «ትለምደዋለህ» ብለው ሁለተኛ አይመጣም። መነጽር ቤቶችን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ስታስረክቡ ሌንሱን በፊታችን ለክታችሁ ከማዘዣው ጋር አስተያዩልን። ፒዲያችንን ደረሰኙ ላይ ጻፉልን። አንድ አንድ ዓይን እያስጨፈናችሁ አስነብቡን። መልመጃ ሁለት ሳምንት የምትሰጡን ከሆነ የቅሬታው ጊዜ ከሁለት ሳምንት በላይ ይሁን። ማዘዣ የምትጽፉ ሐኪሞችም እባካችሁ ቁጥሩን ጉልህ አድርጋችሁ ጻፉ፣ 7ቱ 7 ይምሰል።

እናንተም አንባቢዎች ማዘዣችሁን ለመነጽር ቤት ከመስጠታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። አንዳንዱ ቤት ወረቀቱን ያስቀራል፣ በኋላ ማስረጃ አይኖራችሁም። የድሮውን መነጽርም አትጣሉት። የእኔ ባይኖር ኖሮ ከምን ጋር አስተያየው ነበር?

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ለሚመለከታቸው አድርሱልኝና መልሱን አትሙልኝ። በሰሜን ሸዋ የሚኖር ሰው ልክ ያልሆነ መነጽር ሲሠራለት አቤት የሚለው የት ነው? ጤና መምሪያ ነው ወይስ ንግድ? በየወረዳው ሆስፒታል የሌንስ መለኪያው ማሽን ቢኖርና ሰው የተሠራለትን መነጽር ወስዶ እንዲለካለት ቢደረግስ? ለእኔ ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀው።

ልብስ ሰፊዋ፣ ከደብረ ብርሃን