የቅዳሜው ሙከራ፦ ነጩን ፒግመንት ፖሊመር እናልብሰው

ሰላም ልጆች፣

ቅዳሜ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ብናኝን (ነጩን የቀለም ዱቄት) በፖሊስታይሪን (ፖሊመር፣ ማለትም ፕላስቲክ ነው) የመሸፈኑን ሙከራ እንደግመዋለን። ጠዋት 2:30፣ ቴዎድሮስ ግቢ፣ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራው በር ላይ እንገናኝ።

ባለፈው ነጩ ዱቄት ከታች ዘቅጦ ቀረ። ጥፋቱ የራሳችን ነው፤ ቸኩለናል። የብናኙ ገጽ ውሃ ይወዳል፣ ስታይሪን (ፖሊስታይሪን የሚሠራበት ፈሳሽ) ደግሞ ከውሃ ጋር አይስማማም። ስለዚህ መጀመሪያ ብናኙን በኦሌይክ አሲድ ውሃ ጠል እናደርገዋለን። ከዚያ ስታይሪን ውስጥ በትነን፣ ሄክሳዴኬን (ዘይት መሰል ፈሳሽ) ጨምረን፣ ሰርፋክታንት (እንደ ሳሙና ዘይትና ውሃን የሚያስማማ) ካለበት ውሃ ጋር በአልትራሳውንድ (ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ሞገድ) እንመታዋለን። ከ50 እስከ 500 ናኖሜትር የሆኑ ጠብታዎች ነው የምንፈልገው። እያንዳንዷ ጠብታ እዚያው ፖሊመር ትሆናለች፣ ብናኙም ውስጧ ይቀራል። ሄክሳዴኬኑን አደራ! ትንንሾቹ ጠብታዎች በትልልቆቹ እንዳይዋጡ የሚይዘው እሱ ነው።

በ70 ዲግሪ ማሞቁ ሰዓታት ስለሚወስድ ምሳ ቋጥሩ (የሚበላው ግን ውጭ ነው)። ጋውን፣ ጓንትና መነጽር ያዙ፤ የስታይሪን ሽታ ራስ ያዞራል።

መብራት ከጠፋ ወደ እሁድ ከሰዓት እናዞረዋለን። ቁሱ ለስምንት ሰው ብቻ ስለሚበቃ የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ «አለሁ» ብላችሁ መልሱልኝ።