የዘነበው ዝናብ የት ገባ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ድርቅ የምታወጧቸውን ዘገባዎች በትኩረት እከታተላለሁ። በዚሁ ቀጥሉ። አንድ ነገር ግን ሁሌም ይጎድላቸዋል። ዘገባው «ዝናብ ጠፋ» ብሎ ይጀምራል፤ እዚያው ላይም ያልቃል። በደረቅ አካባቢ ሰብል የሚጠፋው ግን ዝናብ ጭራሽ ሳይጥል ሲቀር ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ዝናቡ ይጥላል፤ ማሳው ላይ ግን አይቆይም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ሄክታር ላይ የጣለ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 10 ሺህ ሊትር ውኃ ነው። 30 ሚሊ ሜትር ከጣለ 300 ሺህ ሊትር ወረደ ማለት ነው። ይህ ሁሉ አፈር ውስጥ ቢገባ ማሽላው ለቀናት ይጠጣዋል። አፈሩ ራቁቱን ከሆነ ግን ጠብታው ራሱ ይጎዳዋል። ጓሉን ይሰባብራል፤ ደቃቁ አፈር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ስስ ቅርፊት ይሠራል። ቀጣዩ ዝናብ በዚያ ቅርፊት ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ባዶ እጁንም አይሄድም፤ ከላይ ያለውን ለም አፈር ጠርጎ ይወስዳል። ከቀረውም ብዙው ይተናል። በብዙ ደረቅ አካባቢዎች ሰብሉ በሥሩ ስቦ የሚጠቀምበት ውኃ ከጣለው ዝናብ ሲሶ እንኳ አይሞላም።

ለዚህ ነው የወቅቱ የዝናብ ድምር ብቻውን የሚያሳስተን። ገበሬውን የሚጎዳው ክፍተቱ ነው። ማሽላው ሊያብብ ሲል ዝናቡ ለሁለት ሳምንት ቢቋረጥ፣ ሥሩ አጠገብ እርጥበት ያከማቸ ማሳ ያልፈዋል። ጎረቤቱ ያለው፣ ያንኑ ዝናብ ያገኘው ማሳ አገዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የድርቅ ዜናው ሁለቱን በአንድ ቁጥር ይጠራቸዋል።

መፍትሔው የግድ ትልቅ ግድብ አይደለም። በትልሞቹ መካከል ያለውን ቦይ በየጥቂት ሜትሩ በትንሽ የአፈር ግድብ መዝጋት ብቻውን ብዙ ይለውጣል። ቦዩ የውኃ መውረጃ መሆኑ ይቀርና ትናንሽ ገንዳዎች ይሆናል። ውኃው እዚያው ቆሞ ቀስ እያለ ይሰርጋል። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ትልሙ ዳገቱን አቋርጦ፣ እኩል ከፍታ ይዞ መሄድ አለበት። ቁልቁል ከሄደ አንዱ ገንዳ ሲሰበር ሌላውን ይዞ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቦረቦር ነው። ውኃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይም ዝናብ በበዛበት ዓመት ሥሩን ሊያፍነው ይችላል። ስለዚህ አንዱን ዘዴ ለሁሉም ማሳ የሚያዝ መመሪያ ጉዳቱ ያመዝናል ባይ ነኝ። አፈሩን የሚያውቀው ገበሬ ቅድሚያ ይጠየቅ።

የሰሜናዊ ቡርኪና ፋሶ ገበሬዎች ያደረጉት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ያረፉት ያኩባ ሳዋዶጎ፣ ዛይ የተባለውን የቆየ የጉድጓድ አዘራር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሻሻሉት። ድንጋይ በመሰለ መሬት ላይ በበጋ ሰፋና ጠለቅ ያሉ ጉድጓዶች እየቆፈሩ ፍግ ጨመሩባቸው። ፍጉ ምስጦችን ሳበ፤ ምስጦቹ አፈሩን እየቦረቦሩ ለውኃው መንገድ ከፈቱለት። ዝናቡ ሲመጣ ዘሩ ውኃና ማዳበሪያ ባለበት ቦታ ላይ አረፈ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። በዚያው አካባቢ ገበሬዎች የድንጋይ እርከን ሲሠሩ እኩል ከፍታውን የሚለኩት ውኃ በተሞላ የፕላስቲክ ቱቦ ነበር። ይህን ያህል ቀላል መሣሪያ ነው! ጉልበቱ ግን ቀላል አይደለም። ጉድጓድ መቆፈር ወገብ ይቆርጣል፤ ይህን ደብቆ ዘዴውን ማሞገስ ተገቢ አይመስለኝም።

የፍጉ ነገር በቀላሉ መታለፍ የለበትም። በተራበ አፈር ላይ ውኃ ብቻ ማቆየት ውጤቱ ትንሽ ነው። በደረቀ አፈር ላይም ማዳበሪያ መበተን ገንዘብ መጣል ነው። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ነው ምርት የሚጨምረው። አረምም በጊዜው ካልተነቀለ የተጠራቀመውን ውኃ ቀድሞ ይጠጣዋል።

አገዳና ገለባን በማሳው ላይ መተው ሌላው ጥሩ ዘዴ ነው። የጠብታውን ኃይል ይሰብራል፤ ትነትንም ይቀንሳል። ነገር ግን ያ ገለባ የከብት መኖ ነው፤ አገዳው ማገዶ ነው። «ገለባውን ተዉት» ብሎ መምከር ለመካሪው ቀላል ነው። መኖና ማገዶ ከየት ይምጣ ለሚለው መልስ ያልያዘ ምክር ግን ሰሚ አያገኝም፤ ባያገኝም አልፈርድም።

በእርከን ዘመቻዎችም ላይ የምለው አለኝ። ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሠራ ይነገረናል። ከሁለት ክረምት በኋላ ስንቱ እንደቆመ የሚነግረን የለም። ያልተጠገነ እርከን ውኃ አጠራቅሞ በአንድ ቦታ ይለቃል፤ ከታች ላለው ማሳ ጭራሽ ባይሠራ ይሻል ነበር።

እናም የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ስለ ድርቅ ስትዘግቡ ዘጋቢያችሁ ከዝናብ ማግስት ማሳ ውስጥ ይግባ። አካፋ ይዞ አንዱን ከለላ በሌለው ማሳ፣ ሌላውን ውኃ በሚያቆይ ማሳ ላይ ይቆፍር። እርጥበቱ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደወረደ ይለካ። ያንን ቁጥር ከሚሊ ሜትሩ አጠገብ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ