የባዮሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ገብስና ስንዴ በአጉሊ መነጽር

ክበባችን በዘንድሮው የትምህርት ዘመን ሕያዋን ነገሮች የሚመደቡበትን ሥርዓት ሲያጠና፣ አባላቱ የምደባ ደረጃዎችን በቃል ከመሸምደድ ይልቅ ከየቤታቸውና ከዘመዶቻቸው ማሳ ያመጡትን ገብስና ስንዴ እንዲመረምሩ ተደርጓል። የእህል ዓይነት ሞልቶ በተረፈበት አገር የባዕድ አእዋፍን ሥዕል እያዩ ስለ ልዩነት መማር፣ በእኔ አስተያየት፣ ለተማሪም ለመምህርም ድካም ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ባለ ሁለት ረድፍና ባለ ስድስት ረድፍ ገብስ አንድ ስፒሽስ (እርስ በርስ ተዳቅለው የሚያፈራ ዘር የሚሰጡ ሕያዋን ምድብ) ናቸው ወይስ ሁለት የሚል ነበር። አባላቱ ዛላውን ከሥሩ ጀምረው በመርፌ ሲፈቱት በእያንዳንዱ አንጓ ላይ ሦስት ትንንሽ አበቦች ተደርድረው አገኙ፤ በባለ ስድስት ረድፉ ሦስቱም ፍሬ ይዘዋል፣ በባለ ሁለት ረድፉ ግን ያፈራው መካከለኛው ብቻ ሲሆን ግራና ቀኙ መክነው ቀርተዋል። ብዙዎቹ ይህን ያህል ጉልህ ልዩነት እያለ አንድ ናቸው ማለት አይቻልም ሲሉ ተከራከሩ፤ የሕያዋን ነገሮች ምደባ ሥርዓትን የመሠረተው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስም ቢሆን በ1753 እ.ኤ.አ. ለየብቻ ስፒሽስ አድርጎ መድቧቸው ስለነበር ክርክራቸው የሚናቅ አልነበረም። ዛሬ በአንድ ስፒሽስ የሚመደቡት ሲዳቀሉ በደንብ የሚያፈራ ዘር ስለሚሰጡና የረድፉን ቁጥር በዋናነት የሚወስነው አንድ ጂን (ከወላጅ የሚወረስ የባሕርይ መወሰኛ) በመሆኑ ነው። ነገሩን ያጦዘው ግን ከጎን አበቦቹ ከፊሉ አፍርቶ ከፊሉ የመከነበት፣ ከሁለቱም ወገን የማይገባ አንድ ዛላ ነበር። እንዲህ ያለው ገብስ በአገራችን ብርቅ አይደለም፤ በ1927 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጣውን ሩሲያዊ የእጽዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭን የሳበውም የገብሳችንና የስንዴያችን ዓይነተ ብዙነት ነበር።

ስንዴው ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነብን፤ የሚመሳሰሉት ሁለት ስፒሽስ ሆነው ተገኙ። የዱረም (ፓስታና መኮሮኒ የሚሠራበት) እና የዳቦ ስንዴ ፍሬ ጎን ለጎን ሲቀመጥ መለየት ያቃታቸው አባላት ጥቂት አልነበሩም፤ ይሁንና ዱረም 28፣ የዳቦ ስንዴ ደግሞ 42 ክሮሞሶም (በሕዋስ ውስጥ ጂኖችን የሚይዙ ክሮች) ስላላቸው ሁለቱ ሲዳቀሉ የሚገኘው ተክል 35 ይዞ ይበቅላል፤ ከእነዚህም ሰባቱ ጥንድ ስለማያገኙ የመራቢያ ሕዋስ በሚሠራበት ጊዜ በእኩል አይከፋፈሉም፣ የማፍራት አቅሙም ይዳከማል።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የገብሱ ዛላ ርዝመት ተለክቶ በግራፍ ተሠርቷል። ርዝመቱን ከብዙ ጂኖች ጋር አፈሩና ዝናቡም ስለሚወስኑት ልኬቱ ከአጭሩ እስከ ረጅሙ ሳይቋረጥ የተዘረጋ ሲሆን፣ አብዛኛው መካከል ላይ ተከማችቷል። ግራፉን ያዘጋጁት የ9ኛ ክፍል አባላት ለጥንቃቄያቸው ሊመሰገኑ ይገባል።

በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱን የገብስ ዓይነቶች በራሳችን ለማዳቀል አቅደናል። ገብስ ራሱን በራሱ የሚያራባ በመሆኑ የእናቲቱ ተክል ወንዴ ክፍሎች ብናኛቸው ከመርገፉ በፊት አንድ በአንድ መነቀል አለባቸው፤ ዘሩ በክረምት በግቢው መደብ ላይ ተዘርቶ ለአበባ የሚደርሰው በመስከረም ስለሆነ፣ መሳተፍ የሚፈልጉ ተማሪዎች ትምህርት እንደተከፈተ ለክበቡ ተጠሪ እንዲያሳውቁ እንጠይቃለን።