ኋላሽ ጨልሟል

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። ቤቴ አዘዞ ነው፣ ሱቄ አራዳ ገበያ። ጨርቃ ጨርቅ እሸጣለሁ። በሁለቱ መሀል በአንዲት አሮጌ ቪትዝ በየቀኑ እመላለሳለሁ፤ ጠዋት ዳገቱን፣ ማታ ቁልቁለቱን። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ 11 ዓመቴ ነው። ለጋዜጣ ስጽፍ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ቢረዝምብዎ ይቁረጡት። የባጃጁን ልጅ ነገር ብቻ አይቁረጡብኝ። ምናልባት ያነበው ይሆናል።

ጥምቀት አልፎ፣ እንግዳው ተበትኖ፣ ገበያው ቀዝቀዝ ያለ ሰሞን ነው። ሐሙስ ማታ ሱቄን ቆልፌ ስነሳ አንድ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ከተማው ድቅድቅ ብሏል። ፒያሳን አልፌ ወደ አዘዞ መውረድ ስጀምር አንድ ባጃጅ ከኋላዬ ተለጠፈ። መብራቱን ያበራል፣ ያጠፋል። ክላክስ ያደርጋል። ቀስ ስል ቀስ ይላል፣ ስፈጥን ይፈጥናል። ቆየት ብሎ በጎኔ መጣና አንገቱን አውጥቶ ይጮህብኝ ጀመር።

እውነቱን ልናገርና ሁለት ነገር ነው የመጣልኝ። አንደኛው፣ "ይሄ ደግሞ ሴት ስትነዳ አይቶ አያውቅም" የሚል ነው። የሚነዱ ሴቶች ያውቁታል። "ወጡ እንዳያርርብሽ!" ብሎኝ ያለፈ አለ። ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ጊዜውን እርስዎም ያውቁታል። በጨለማ ከኋላ እየተከተለ መብራት የሚያበራ ሰው ምን ፈልጎ እንደሆነ ማን ያውቃል? መስኮቴን ዘግቼ ነዳጅ ሰጠሁ። ከመዝጋቴ በፊት ግን አንድ ቃል ወርውሬበታለሁ። በጋዜጣ የሚጻፍ አይደለም።

አዘዞ ስደርስ ሽንኩርት ልገዛ ቆምኩ። አንድ ባለ ጋሪ ሽማግሌ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ከጋሪያቸው ኋላ አሮጌ ሲዲ በሽቦ አንጠልጥለዋል፤ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብልጭ ይላል። ወርደው ወደ መስኮቴ ጠጋ አሉና፣

"የኔ ልጅ፣ ኋላሽ ጨልሟል" አሉኝ።

አልገባኝም። ሰይጣን ታያቸው እንዴ አልኩ በልቤ።

"ፍሬን ስትይዢ አይበራም። አሁን ስትቆሚ ፈረሴ ሊገባብሽ ነበር።"

የባጃጁ ልጅ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ሽንኩርቱን ትቼ በመንገዱ ዳር ዳር እየተሳብኩ ቤቴ ገባሁ።

ስንት ቀን እንዲህ እንደነዳሁ ፈጣሪ ይወቀው። የፊት መብራት ሲሞት ሹፌሩ ራሱ ያየዋል፤ መንገዱ ይጨልምበታል። የፍሬቻ ላምፓዲና (አምፖሉ) ሲቃጠልም ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ መጣደፍ ይጀምራል፣ ጆሮ ያለው ይሰማዋል። የፍሬን መብራት ግን፣ ቢያንስ እንደኔ ባለ አሮጌ መኪና፣ ዝም ብሎ ነው የሚሞተው። እግሬ ፍሬን ላይ፣ ዓይኔ ፊት ለፊት። የሚያውቀው ከኋላዬ ያለው ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ ሊነግረኝ ሲመጣ መስኮት ዘጋሁበት።

በነጋታው ኤሌትሪክ ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። የኋላውን መብራት ፈትቶ አሳየኝ። የግራው ላምፓዲና ተቃጥሏል። የቀኙ ደህና ነው፣ ግን ማሳው፣ ኤሌትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ ማለት ነው፣ ዝጎ እንደ ሲጋራ ጫፍ ነው የሚበራው። ከላይ መስታወቱ ጋ ያለው ሦስተኛው መኪናውን ከገዛሁት ጀምሮ በርቶም አያውቅ። ውሃ ነው አለኝ፤ መኪና እጥበት በሃይል ሲረጩት በላስቲኩ ይገባል። ላምፓዲናውን በጣቱ ይዞ ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገው። ውስጡ ሁለት ሽቦ አለ። ቀጭኑ 5 ዋት ነው፣ ማታ ደብዘዝ ብሎ የሚታየው ቀይ። ሌላው 21 ዋት፣ ፍሬን ሲያዝ ቦግ የሚለው። 21ዱ ተቃጥሎ 5ቱ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለው መኪና ማታ ከኋላ ሲታይ ሙሉ ጤነኛ ይመስላል። እስኪቆም ድረስ።

ሌላም ነገር ነገረኝ። ማሳው ሲበላሽ ኤሌትሪኩ መመለሻ ያጣና በሌላ ላምፓዲና በኩል ይሄዳል። ፍሬን ሲይዝ ፍሬቻው አብሮ የሚንቦገቦግ መኪና አይተው ያውቃሉ? እኔ ብዙ አይቻለሁ። ሰውየው ሊታጠፍ ነው ብዬ ጠብቄም አውቃለሁ። ለካ በሽታው ይሄ ነው።

(ማሳ፣ ላምፓዲና፣ ፍሬቻ፣ ፍሬን። ጋራዥ ውስጥ ግማሹ ቃል የጣልያን ነው። ጣልያን በ1934 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በመጨረሻ እጅ የሰጠው እዚሁ ጎንደር አይደል? ሰዎቹ ሄዱ፣ ቃላቸው ጋራዥ ቀረ። ፍሬቻ በነሱ ቋንቋ ቀስት ማለት ነው።)

ሰው ሳያስፈልገኝ እንዴት እንደማይ ጠየቅሁት። ሲመሽ ኋላሽን ወደ ግድግዳ አስጠጊና ፍሬን ያዢ፣ በመስታወት እዪ አለኝ። ግድግዳው ግራና ቀኝ እኩል ቀይ ከሆነ ደህና ነው። አሁን ማታ ማታ ግቢ ስገባ በአጥሬ ላይ አያለሁ። የሠራልኝም ከላምፓዲናው ጋር ከሁለት ሰው ምሳ ያልበለጠ ነው። ዋጋው አይደለም እኮ የሚከብደው። ማወቁ ነው።

የባጃጁን ልጅ በሦስተኛው ቀን አገኘሁት። ኋላው ላይ በለጠፈው የፋሲል ከነማ ምልክት ነው የለየሁት፤ ግማሹ ተቀዷል። ተራ ይዞ ቆሟል። ሄጄ ይቅርታ አልኩት።

"ማዘር፣ መብራትዎ እንደማይሠራ ልነግርዎት ብዬ እኮ ነው። ሰደቡኝ" አለ። እየሳቀ ነው የሚያወራው። ቀጥሎ ግን፣ "እኔ አሁን ለሴት ሹፌር አልናገርም። ይፈሩኛል። ለወንዱም ብናገር የሚጣላኝ አለ፣ ምን አገባህ ይላል" አለኝ።

ቃሉ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝም እሱ ነው።

እኛ ሹፌሮች መነጋገር አንችልም እንዳይባል በደንብ እንችላለን። ከማክሰኚት ወደ ጎንደር ስመጣ ከፊት ለፊት የሚመጣው መኪና ሁለቴ ብልጭ ካደረገልኝ "ትራፊክ አለ" ማለቱ ነው። ያኔ ሁላችንም ዘመድ ነን። ቀበቶ ይታሰራል፣ ስልክ ይቀመጣል፣ ሚኒባስ ውስጥ ትርፍ የተጫነው ሰው ጎንበስ ይላል። ማን አሠለጠነን? ማንም። እኔም አደርገዋለሁ፣ አልዋሽም። አንድ ቀን ግን እንዲሁ ብልጭ ያደረግሁለት መኪና ሲያልፈኝ በመስታወት አየሁት። መሽቷል፣ ኋላው ድርግም ብሏል። አስቁሞ "መብራትህ ጠፍቷል" የሚለው ሰው ያ ትራፊክ ነበር። እኔ ደግሞ መክሬ አሳለፍኩት።

ሌላም ቋንቋ አለን። የመኪና በር ሳይዘጋ ሲሄድ መንገደኛው ሁሉ "በር! በር!" ይላል፤ ሕፃኑም ሊስትሮውም። ጎማ ሲተነፍስ ጣት ወደ ታች ነው፣ ማንም ይገባዋል። ለመብራት ግን ቃል የለንም። ብልጭታው "ልለፍ" ነው፣ "እለፍ" ነው፣ "ሰላም" ነው፣ "ረጅም መብራትህን ቀንስ" ነው፣ "ትራፊክ አለ" ነው፣ አንዳንዴም ስድብ ነው። ምስኪኑ ባጃጅ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የቱን እንዳለኝ እንዴት ልወቅ? እንደ በሩ "መብራት! መብራት!" እንዳይባል ደግሞ እኛ ሰፈር የተለየ ትርጉም አለው። ልጆቹ መጣ ብለው እልል ይላሉ።

ወንድሜ አይሱዙ ይነዳል፣ ከመተማ ሰሊጥ ያመጣል። ይህን ሳወራው ከተማ ውስጥ ያለው ምንም አይደለም አለኝ። "እትየ፣ ማታ አንድ መብራት ብቻ ይዞ የሚመጣ ነገር ካየሽ ባጃጅ ነው ብለሽ አትጠጊ። አንድ ዓይና ጭነት መኪና ሊሆን ይችላል። የሞተው የግራው ከሆነ የምታይው የዳሩን መብራት ነው፤ ሆዱ ያለው በአንቺ በኩል ነው።" እስክሪብቶ አንስቶ ናፕኪን ላይ ሳለልኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ አንድ መብራት ሳይ ትንፋሼን እይዛለሁ። በ60 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ "ባጃጅ ነው? አይደለም?" እስክል ድረስ ያ ሁሉ መንገድ አልቋል።

የድንጋዩንም ነገር ያነሳብኝ እሱ ነው። አይሱዙ መንገድ ላይ ሲበላሽ ሦስት ማዕዘኑ ምልክት የለም፣ ወይ ተሰርቋል። ስለዚህ ድንጋይ ይደረደራል፣ ቅጠል ይጣላል። እሺ፣ ይሄም አንድ ነገር ነው። ግን መኪናው ተሠርቶ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ይቀራል። ማታ የሚመጣው የሚያገኘው ድንጋዩን ነው። ወንድሜ ራሱ ትቶ ሄዶ ያውቃል ወይ ብዬ ብጠይቀው ወሬ ቀየረ።

ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ ሲወረድ የጭነት መኪና ጎማ ሥር ጭስ ካየህ፣ ሰውየው ላይሸተው ይችላልና ንገረው የሚል ልማድ የዚያ መንገድ ሹፌሮች እንዳላቸውም ነገረኝ። ፍሬን ሲግል መያዙን እንደሚተው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ እጁን እያውለበለበ ይጮሃል፣ የሚሰደብም የለም። እንግዲህ በቁልቁለቱ የሚቻለው በከተማ ለምን አቃተን?

እንዲህ ቢሆን ብዬ የማስበው ትንሽ ነው። ጎን ለጎን እየነዱ መጮህ ይቅር፤ ያስደነግጣል፣ መንገዱም ይዘጋል። ሲቆም ጠብቆ መንገር ይሻላል፣ እንደ ባለ ጋሪው። ማታ ከሆነና ሹፌሯ ሴት ከሆነች ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ወደ ኋላዋ እየጠቆመ "መብራትሽ" ብሎ መሄድ በቂ ነው። የሚነገረው ሰውም፣ እኔን ጨምሮ፣ ከስድቡ በፊት ይስማ። በመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት ይህን ማስተማር ቢጀምሩ ደግሞ ማን ይጠላል። ትራፊኮቹንም አንድ ነገር ልለምን፤ መጀመሪያ የሚያስቆሙት ሰው ላምፓዲናው ዛሬ ተቃጥሎ ሊሆን ስለሚችል ቅጣቱን ሳይሆን መንገሩን ያስቀድሙለት። ስለ ሚኒባሶቹ ፓውዛ እንኳ ዛሬ አልጽፍም፣ እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይወጣዋል።

አንድ ቦታ ግን ዝግጁ ሆኖ አለን። የቤንዚን ሰልፍ። ስንት ሰዓት ነው የፊተኛውን መኪና ኋላ እያየን የምንውለው? ታርጋውን በቃሌ ይዤው ነው የምመለሰው። ባለፈው ሳምንት ወረፋው አልንቀሳቀስ ሲለኝ ወረድኩና ከፊቴ የቆመውን የኮሮላ ሹፌር፣ "ወንድሜ፣ እስቲ ፍሬን ያዝልኝ" አልኩት። ሰልፍ ልቀማው የመጣሁ መስሎት መስኮቱን ሊዘጋ ነበር። (ደረሰብኝ አልኩ።) ከገባው በኋላ ያዘ። ሁለቱም በሩ። ከእሱ ፊት ወዳለው ሄድኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሰባት መኪና አየሁ። ሦስቱ ጎደሎ ናቸው። አንደኛው ሹፌር አላመነኝም፣ ወርዶ ልጁን ፍሬን አስይዞ ካየ በኋላ ነው "ውይ!" ያለው። ሰዉ ተሰበሰበ፣ ጨዋታ ሆነ፣ ባጃጆቹም መጡ።

በመጨረሻ የኮሮላው ሰውዬ፣ "የአንቺንስ ማን ያይልሻል?" አለኝ። የእኔማ ገና መሠራቱ ነው ብዬ እየተኩራራሁ ገብቼ ፍሬን ያዝኩ።

"የግራው የለም!" አለ ከኋላ።

ዝናብ ስለነበር ሦስት ማታ አጥሬ ላይ ማየቱን ትቼው ነበር። ይህን የምጽፈው እዚያው ኤሌትሪክ ሠሪ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ከፊቴ ሁለት ባጃጅ አለ።

አክባሪዎ፣
የጨርቅ ነጋዴዋ፣ ከአዘዞ
ጎንደር