መኪናዋ ተነሳች ወይ?

ኮቨንትሪ፣ እንግሊዝ፣ ኅዳር 21

ውድ እማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው «ሰ» ማለት አቅቷታል፤ ትልቁ የእኔን ጫማ ማድረግ ጀምሯል።

እሁድ በስልክ «መኪናዋ ተነሳች ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ ገና ናት አልኩሽ። ስለ ልጆቹ ትንሽ አወራንና «መኪናዋስ?» አልሽ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቂኝ መስመሩ ነው የሚቆራረጠው ብዬ እንደ አዲስ ነገርኩሽ። ስለዚህ በወረቀት ይሁን አልኩ። የእህቴ ልጅ ታነብልሻለች፤ በፈለግሽ ጊዜ ትደግምልሻለች። አሳጥሬም አልጽፍ። ዕድሜዋን ሱማሌ ተራ መለዋወጫ ስትሸጥ ለኖረች ሴት «ትንሽ ብልሽት ነበረባት» ብሎ ማለፍ ነውር ነው።

መኪናዋ ኤም ጂ ቢ ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1966፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ። ኦክስፎርድ አጠገብ አቢንግደን በምትባል ከተማ ከ1962 እስከ 1980 ከነጣሪያማዎቹ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል፤ ስለዚህ ብርቅ አይደለችም። ደግነቷም ይኸው ነው፤ ከበር እጀታ ጀምሮ ከሞተሩ ክዳን ስር እስከሚነጠፈው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ድረስ አዲስ ዕቃ ይገኝላታል። ሞተሯን አንቺም ታውቂዋለሽ። የአባዬ ኦስቲን 1622 ሲሲ ነበር፣ ይህ 1798 ነው፤ ዘራቸው ግን አንድ ነው፣ ቢ ሲሪስ። ቴስታታውን ሳወርደው የማላውቀው ነገር አልነበረበትም።

ሞተሩ ብዙ አላስቸገረም። በጭስ ማውጫ ቫልቮቹ ስር ጠንካራ የብረት መቀመጫ አስገባሁ፤ እዚህ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከ2000 ጀምሮ ከየማደያው ስለጠፋ የጥንቱ መቀመጫ በሙቀት እየተበላ ቫልቩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ክፍተቱም ይዘጋል። ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.38 ሚሊ ሜትር ነው። ቫልቮቹ ስምንት ናቸውና ድምሩ ዘጠኝ ይሙላ፤ ስምንተኛው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አንደኛው ይለካል፣ ስድስተኛው ሲከፈት ሦስተኛው። የቴስታታውን ዳዶ ከመሀል ወደ ዳር፣ ደረጃ በደረጃ፣ እስከ 65 ኒውተን ሜትር አጠበቅኩ። ትንሽ ከተነዳች በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይደገማል።

ፈተናው ላሜራው ነው። ይህች መኪና ለብቻው ሻንሲ የላትም፤ ቦዲዋ ራሱ ነው ሻንሲዋ። ክብደቷን የሚሸከመው ከበሩ ስር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደው ላሜራ ነው። ከውጭ አንድ ይመስላል፤ ሲቆረጥ ግን የውጩ አለ፣ መሀል ላይ እንደ ግድግዳ የቆመው አለ፣ የውስጡ አለ፣ ከስር ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ የሚይዝ ሐዲድ አለ። እዚህ በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ጎማው የሚረጨው ጨዋማ ጭቃ ከፊት ፓራፋንጎው ጀርባ ይከማችና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላታል። ቀለሙ ላይ አረፋ የመሰለ ነገር ሲወጣ ውስጡ ካለቀ ቆይቷል።

ከእኔ በፊት የያዛት ሰው በበሰበሰው ላይ ሌላ ላሜራ ለጥፎ፣ ስቱኮ ሞልቶ፣ ከስር ሬንጅ ቀብቶት ነበር። እንዲህ ያለውን ለመያዝ ቀላል መንገድ አለ። በሩን ዘግተሽ የበሩን ዙሪያ ክፍተት ታያለሽ፤ ከዚያ ከጎን በክሪክ ታነሻታለሽ። ክፍተቱ ከተለወጠ ወይም በሩ አልከፈት ካለ መኪናዋ መሀሏ ላይ እየታጠፈች ነው፤ ቀለሟ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ አትገዢም። እኔ ይህን እያወቅኩ ነው የገዛኋት፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነበር።

ሲቆረጥ ትልቁ ስህተት ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ መክፈት ነው። መጀመሪያ መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ክብደቷ ጎማዎቹ በሚሸከሙበት ነጥብ ላይ እንዲያርፍ ትደረጋለች። ቀጥሎ ከበሩ የፊት ምሰሶ እስከ ኋላው ምሰሶ አራት ማዕዘን ቱቦ ብረት ይበየድባታል፤ ያለዚያ ላሜራው ሲወጣ ልክ እንደ መጽሐፍ ትታጠፋለች። የፋብሪካውን የነጥብ ብየዳ በመሰርሰሪያ እየፈታሁ አሮጌውን አወጣሁ። አዲሱ ላሜራ 1.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጠርዙ ላይ በየ25 ሚሊ ሜትሩ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በስቼ፣ የሚገናኙትን ፊቶች ዚንክ ቀብቼ፣ ቀዳዳዎቹን በብየዳ ሞላሁ። ብየዳው በተርታ አይሄድም። አንዱን እዚህ፣ ሁለተኛውን ክንድ ያህል ርቆ ነው፤ ሙቀቱ አንድ ቦታ ከተጠራቀመ ላሜራው ይጣመማል። ከሁሉም በፊት ግን በሩና ፓራፋንጎው ተሰቅለው፣ ክፍተታቸው ታይቶ፣ ላሜራው በመቆንጠጫ ብቻ ተይዞ መቆየት አለበት። በሩን ሳይሰቅል የበየደ ሰው መጨረሻ ላይ በሩ አይዘጋለትም። ሲያልቅ ውስጡ በቀጭን ቱቦ ሰም ይረጫል።

ከ1988 ጀምሮ ሙሉው ቦዲ አዲስ እየተመረተ ይሸጣል። «እሱን ገዝተህ አትገላገልም?» ያለኝ ብዙ ነው። ዋጋው መኪናዋን ከገዛሁበት ይበልጣል፤ ቢረክስም አልገዛውም ነበር።

ካርቡሬተሮቹ ሁለት ናቸው፣ ኤስ ዩ የሚባሉት። ሰው ሁሉ በእነሱ ይማረራል፤ ጥፋቱ ግን የእነሱ አይደለም። የጋዙ ዘንግ የሚዞርበት ቀዳዳ ይበላና በዚያ አየር ይገባል፤ ሞተሩ በሚኒሞ አልረጋ ይላል፤ ባለቤቱ ደግሞ የቤንዚኑን ማስተካከያ እያጠበቀና እያላላ ዓመት ይፈጃል። መፈተሻው በዘንጉ ጫፎች ላይ የካርቡሬተር ማጽጃ ትንሽ መርጨት ነው፤ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ቀዳዳው አልቋል። አዲስ ቡሽና አዲስ ዘንግ አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ነው ማስተካከል የሚጀመረው። ቤንዚን የሚወጣበት ጄት ካርቡሬተሩ ውስጥ ካለው ድልድይ እኩል ይሆንና ሁለት ሙሉ ዙር ወደ ታች ይወርዳል። ሞተሩ ሲሞቅ የካርቡሬተሩን ፒስተን በጎኑ ባለችው ፒን 0.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀና ማድረግ ነው። ፍጥነቱ ጨምሮ እዚያው ከቀረ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ሊጠፋ ካለ አንሷል፤ ትንሽ ብድግ ብሎ ከተመለሰ ልክ ነው። የካርቡሬተሩ ላይኛዋ ጉድጓድ ቀጭን ዘይት ትፈልጋለች፣ ሃያ ቁጥር። የቤንዚን ጎማዎቹንም በሙሉ ቀየርኩ፤ ከ2021 ወዲህ የተለመደው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ አልኮል ስላለበት የድሮውን ጎማ ይሰነጣጥቀዋል።

ቸርኬዎቿ የሽቦ ናቸው። እያንዳንዱ በመሀሉ ባለ አንድ ትልቅ ዳዶ ነው የሚታሰረው፤ በመዳብ መዶሻ ይመታል። የሚፈታው መኪናዋ ወደ ፊት ስትሄድ ጎማው በሚዞርበት አቅጣጫ ነው፤ ስለዚህ የግራውና የቀኙ ጥርስ ተቃራኒ ነው። ሲጠገን ጎማው የሚሰካበትን የግራና የቀኝ ማዞሪያ ያቀያየረ ሰው መንገድ ላይ ጎማው ቀድሞት ይሄዳል። አራቱን ጋራዡ ግድግዳ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ።

የኦስቲኗን አራቱንም በአንድ ቀን ነው የሸጥሽው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከዚያ በፊት ባትሪው ሄዷል፣ ሞተሪኖው ሄዷል፣ ራዲያተሩን ያ የደብረ ዘይቱ ሰውዬ ወስዶታል። ይህ ሁሉ ይገባኛል፤ የማን ደብተርና የማን ጫማ እንደሆነም አውቃለሁ፣ አመሰግንሻለሁ። መሪው ግን፣ እማዬ? መሪ ስንት ያወጣል? ሱቅ ድረስ መጥቼ ስጠይቅሽ «ደንበኛ አለ፣ ዞር በል» አልሽኝ። ዞር እንዳልኩ ቀረሁ። አባዬን ከዚያ መሪ ኋላ ተቀምጦ ነበር የማውቀው።

ተይው። ባትሪውን ልንገርሽ። ባለ 6 ቮልት ሁለት ናቸው፣ ከወንበሩ ኋላ ወለሉ ስር፣ ተያይዘው 12 ይሆናሉ። እስከ 1967 የተሠሩት ፖዘቲቩ ነው ከቦዲው ጋር የሚገናኘው፤ እንደ ለመደበት ኔጌቲቩን ቦዲ ላይ ያሰረ ሬዲዮውን ያቃጥላል። የፍሪሲዮኑ መግፊያም ኩሽኔታ አይደለም፣ የካርቦን ቀለበት ነው። መብራት ላይ ፍሪሲዮን ረግጦ የሚቆም ሰው ይጨርሰዋል፤ ለመቀየር ደግሞ ሞተሩ መውጣት አለበት። ስለዚህ ሞተሩ በወጣ ቁጥር ደህና ቢመስልም ይቀየራል።

እንግዲህ አልተነሳችም ያልኩሽ የቤንዚን ሰልባትዮዋ ስለቀረ ነው። ስሩ ተበስቷል፣ አዲሱ ታዟል።

ግን እሁድ ስልኩን ልትዘጊ ስትይ «አባትህ ቁልፉን ራስጌው ነው የሚያደርገው፤ እንዳትቀሰቅሰው ቀስ ብለህ አንሳ» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። ሌላ ምን እላለሁ? ከዚያ ወዲህ የትኛዋን መኪና እንደምትጠይቂኝ እያሰብኩ ነው።

ቡታጋዙን ሁለት ጊዜ ለኩሰሽ እንደረሳሽው ሰምቻለሁ፤ ልጅቷን አትቆጫት፣ እኔ ነኝ ጠይቄ ያወጣጣኋት። ማታ ማታ የሲሊንደሩ ቫልቭ ይዘጋ። የግፊት መድኃኒቱን በየቀኑ ተለይቶ በሚቀመጥበት ሳጥን ታድርግልሽ። እዚህ አገር ከ40 ዓመት በላይ የሆናት መኪና በየዓመቱ መመርመሯ ግዴታ አይደለም፤ ግራ የገባው ሕግ ነው፣ እኔ ግን አስመረምራታለሁ። አንቺም «እርጅና ነው» ብለሽ አትቅሪብኝ። የሚረሳ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ሕመም የለበትም፤ የቫይታሚን ቢ 12 ማነስም፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስም ያስረሳል፣ ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ፣ ሁለቱም ይታከማሉ። ገንዘቡን ልኬያለሁ። ለጥምቀት እመጣለሁ፤ እኔን ጠብቂ ግን አላልኩም፣ በዚህ ሳምንት ሂዱ።

ፖስታው ውስጥ አንድ የወረቀት ጓርኒሲዮን አለ። መብራት ሲጠፋ ሱቅ ውስጥ በጣትሽ ዳብሰሽ እንደምትለዪው፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ዳብሺውና የምን እንደሆነ ለልጅቷ ንገሪያት። እሷ ምንም አታውቅም፣ አትጠይቂያት። ያልሽውን ትጽፍልኛለች።

ልጅሽ