ፌኖልና የድሬ ሙቀት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ድሬዳዋ ሙቀት ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሙቀቱ ላብራቶሪ ውስጥ ምን እንደሚያመጣ ግን ብዙ አይወራም። ሥራዬ ከሕመምተኛ የተወሰደ ቲሹ (የሥጋ ናሙና) ላይ ቀለም እያደረጉ በማይክሮስኮፕ ተህዋሲያን መፈለግ ነው።

የቲቢና የሥጋ ደዌ ባክቴሪያዎች ሰም መሰል ሽፋን ስላላቸው ተራ ቀለም አይዘልቃቸውም። ዚል-ኔልሰን የሚባለው ዘዴ ፉክሲን የተባለውን ቀይ ቀለም፣ ሽፋኑን ከሚያሳልፈው ፌኖል ከተባለ ኬሚካል ጋር ቀላቅሎ፣ ናሙናው ያለበትን መስታወት (ስላይድ) በእሳት እያሞቀ ያስገባዋል። በአሲድ አልኮል ሲታጠብ ሌላው ይለቃል፤ ባክቴሪያው ቀይ ሆኖ ይቀራል። ከ1880ዎቹ ጀምሮ የተሠራበት፣ ርካሽና የታመነ ዘዴ ነው።

ጣጣው ፌኖሉ ነው። ቆዳ ያቃጥላል፣ በቆዳ አልፎም ደም ውስጥ ይገባል። ክፋቱ ደግሞ ቆዳውን ስለሚያደነዝዝ ሰው መቃጠሉን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። በግንቦትና በሰኔ፣ ክፍሉ ራሱ ምድጃ በሆነበት ሰዓት፣ በላዩ እሳት ሲጨመርበት ትነቱ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ፋን እንዳንከፍት እሳቱን ያጠፋዋል። ብዙዎቻችን የምናደርገው ተራ ማስክም ጠብታ እንጂ ትነት አያግድም። ያለ እሳት የሚሠራው የኪንዮን ዘዴ አለ፤ ግን እሳቱን የሚያስቀረው ፌኖሉን አብዝቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት ፌኖሉን አውጥቶ በፈሳሽ ሳሙና ተካው። ሳሙናም ቅባትን አልፎ ቀለሙን ስለሚያስገባ ባክቴሪያው ቀይ፣ ቲሹው ሰማያዊ ሆኖ ታየ፤ ውጤቱም ከነባሩ ዘዴ ጋር የሚወዳደር ነበር።

ይህን ሳነሳ የሳቁ ባልደረቦች አሉ። እነሱው ግን ለሥጋ ደዌ ምርመራ ቲሹውን ከተቀበረበት ሰም (ፓራፊን) ሲያላቅቁ፣ የባክቴሪያው ሽፋን አብሮ እንዳይታጠብ ሰሙን በሚያሟሟው ዛይሊን ላይ የለውዝ ዘይት ይጨምራሉ። የባቢሌ ለውዝ አገር ሰው በሳሙና መሳቁ አይገባኝም።

ነገ ጠዋት ፌኖሉን ድፉት እያልኩ አይደለም። ሳሙና ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንድ ባክቴሪያ ሳይታይ ቢያልፍ ዋጋውን የሚከፍለው ታማሚው ነው። ባክቴሪያ እንዳለበት የተረጋገጠና እንደሌለበት የተረጋገጠ ቲሹ ይወሰድ። ሁለቱም በሁለቱም ዘዴ ይቀቡ። የሚያነበው ሰው የትኛው በየትኛው እንደተሠራ ሳያውቅ ያንብብ። ሐረር ባለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጤና ኮሌጅ በየዓመቱ የመመረቂያ ርዕስ ፍለጋ የሚንከራተት ተማሪ አይጠፋም። ይኸው ርዕስ፣ ወጪውም ቀላል ነው።

የጤና ቢሮዎቻችን እስከዚያው አንድ ነገር ቢያደርጉ ደስ ይለናል፦ ትነት ስቦ የሚያወጣው ሁድ በየላብራቶሪው መኖሩን ብቻ ሳይሆን መሥራቱን ይዩልን። ካርቶን መደርደሪያ የሆነ ሁድ አውቃለሁ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ