«ፔይ» እና የአሥር ብር መዋጮ፦ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ የ2017 ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ 30 ቃላት ሊያጠና አቅዶ አንድ ቃል ላይ ቀረ። ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝና ጥፋቱም የእኔ ነው። ቃሉ «ፔይ» ነው፤ መክፈል።

ነገሩን ያመጣችው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ተሰብስበናል። ከኋላ የሚያወሩትን ልጆች «ፔይ አቴንሽን!» ብዬ ተቆጣሁ። እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ትኩረት ይከፈላል እንዴ? ስንት ነው?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም መልስ አልነበረኝም። እኛ ትኩረት እንሰጣለን፣ ልብ እንላለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን ይከፍላል። ሰው ሊጠይቅ ሲሄድም ጉብኝት ይከፍላል። በሚቀጥለው ሳምንት አንዱ «እሁድ አያቴን ጉብኝት ከፈልኳት» ብሎ ተርጉሞ መጣ። አያቱ ቢሰሙ ደስ የሚላቸው አይመስለኝም።

«ክራይም ደዝንት ፔይ» የሚለው ሁለት ረቡዕ በላ። ግማሹ «ወንጀለኛ ቅጣት አይከፍልም» ብሎ ተረዳው። ወንጀል አያዋጣም ማለት ነው ስላቸው፣ ከኋላ ያለው ቀልደኛችን ብድግ አለ። «ቲቸር፣ መዋጮም አያዋጣም።» ልጁ ለጊዜው የክበቡን 10 ብር አልከፈለም ነበር። ቀልዱ ግን ትክክል ነው። ገንዘብ ሲሰበሰብም «አዋጡ» እንላለን፣ ትርፍ ሲኖረውም «ያዋጣል» እንላለን። ዕድሜዬን ሙሉ ሁለቱን ስናገር ኖሬ ጎን ለጎን አስቀምጫቸው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ ወደ ራሳችን ቃል ዞሩ። ከፈለ ማለት ገንዘብ ሰጠ ነው፤ ከፈለ ማለት ለሁለት አደረገም ነው። ክፍል፣ ክፍለ ጊዜ፣ ክፍለ ከተማ የመጡት ከዚሁ ነው። «ሙሴ ባሕሩን ከፈለ» ስል «ለማን?» አሉኝ። የዚያን ቀን ሌላ ሥራ አልተሠራም።

የ«ፔይ»ን ዘር ሐረግ መዝገበ ቃላት ላይ ፈለግን። ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ቃል ነው። ከዚያ በፊት በላቲን «ፓካሬ» ነበረ፤ ማብረድ፣ ማስታረቅ ማለት ነው። ሥሩ «ፓክስ» ሲሆን ትርጉሙ ሰላም ነው። አበዳሪህን ከፍለህ ታበርደዋለህ። እኛስ ጠያቂ ሲያስቸግረን «ሰላም ላግኝ ብዬ ከፈልኩት» እንል የለ? አንዷ ተማሪ እስራኤል ላለችው አክስቷ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከች። በዕብራይስጥ መክፈል «ሌሻሌም» ነው፤ ሰላም ደግሞ «ሻሎም»፤ የሁለቱም ሥር አንድ ነው። የእኛ «ሰላም»ም የዚያው ዘመድ ነው። ልጅቷ መልእክቱን ሦስት ጊዜ አሰማችን። አክስቷ መጨረሻ ላይ «ደግሞ ምሳሽን ብዪ» ብላለች፤ እሱንም ሦስት ጊዜ ሰማን።

አንድ ስሕተቴን ልናገር። አንድ ልጅ «ከፈለ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ «ፒ፣ ኤ፣ አይ፣ ዲ» በማለት ፈንታ «ፒ፣ ኤ፣ ዋይ፣ ኢ፣ ዲ» ብሎ አመጣ። በቀይ ሰረዝኩበት። በሳምንቱ መዝገበ ቃላቱን ተሸክሞ መጣ። እንዲህ ተብሎም ይጻፋል፤ ግን የመርከብ ስንጥቅ በቅጥራን ለመድፈን ነው። ያ ደግሞ ቅጥራን ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ፣ በአጋጣሚ መልኩ የተመሳሰለ ሌላ ቃል ነው። የልጁ ዓረፍተ ነገር ስለ ሻይ ሂሳብ ነበር። ስለዚህ ቀዩን አላነሳሁም። «ኖኅ ቢጽፈው ግን ልክ ነበር» ብዬ ከጎኑ ጻፍኩለት።

ግንቦት ላይ በሚኒ ሚዲያ አጭር ጭውውት አቀረብን። ልጁ 5 ብር ላበደረው ጓደኛው «አይ ዊል ፔይ ዩ ባክ» ይላል። ቦርሳውን ለደበቀበትም ያንኑ ይላል፤ ያኛው እግሬ አውጪኝ ይላል። ብድር መመለስ በአማርኛም ሁለቱንም ስለሚችል መተርጎም አላስፈለገም። ማይኩ መሐል ላይ ተቋረጠና ሁለተኛውን ሰው ሁሉ የሰማው በሩጫው ነው።

«ሪዋርድ»ን፣ «ቲፕ»ን እና የእኛን ጉርሻ ለከርሞ አሳድረናቸዋል።

ስለ ሂሳብ፦ አባላት 23 ነን። መዋጮው በነፍስ ወከፍ 10 ብር ነበር። 220 ብር ገብቶ ለፍሊፕ ቻርትና ለማርከር ወጥቷል። ገንዘብ ያዣችን ቀልድ የማታውቅ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሰኔ ላይ ያንን ቀልደኛ ቀሪውን ስትጠይቀው «እኔ እኮ ዓመቱን ሙሉ አቴንሽን ፔይ አድርጌያለሁ» አላት። ምንም አልመለሰችለትም። ደብተሯን ስረከብ በስሙ አንጻር በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሁለት መስመር አገኘሁ። «ትኩረት፦ ተከፍሏል። ብር፦ 10 ይቀራል።»